ዓሣው ወደ ውጭ ሲዞር

ሰዉ ጋሽ ሴንቲ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ዳቦ ጋጋሪው ነው። አንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ ገብቶ፣ «ይሄ ዳቦ ከትናንትናው በሁለት ሴንቲ ሜትር ያንሳል» አለው። ጋጋሪው በንዴት ማስመሪያ አስመጥቶ ቢለካ ልክ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረሳ። እሱም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ትንሽ ሳይኮራበት አልቀረም።

ሥራው ውሃ ማንበብ ነው። ውሃ ደግሞ ይነበባል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ፣ ይነበባል። ከከተማው በላይ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ ውሃው ውስጥ የቆመ ነጭ ሳንቃ አለ፤ ከታች እስከ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ጋሽ ሴንቲ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ዳርቻው ይወርድና ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ ያያል። ሞገድ ካለ የላይኛውንና የታችኛውን አይቶ መሃሉን ይይዛል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይወጣል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ስልክ ይደውላል። ሃያ ሰባት ዓመት ይኸው ነው። የታመመበት ቀን አለ፣ ልጁን የዳረበት ቀን አለ፣ ሚስቱን የቀበረበት ቀን አለ፤ ሳያነብ የዋለበት ቀን ግን አንድም የለም። መሥሪያ ቤቱ ለዚህ ነገር አንድ ጊዜ የምስክር ወረቀት ልኮለት ነበር፤ አሁን የመስኮቱን ስንጥቅ የሸፈነው እሱ ነው።

ቤቱም የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ማብሰያ። መስኮቱ ወንዙን ያያል። ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ የእሱ ነው፣ አንዱ መስኮቱ ሥር ያለው የሚስቱ ነበር። ግድግዳው ላይ ስልክ ተሰቅሏል፣ ከስልኩ ጎን ባለው መደርደሪያ ደብተሮች ተደርድረዋል። ከነዚያ ደብተሮች ውስጥ የሃያ አራቱን ዓመት የጻፈችው ሚስቱ ናት። የእሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው መሬት ነው፤ የእሷ ግን ማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ነበር። ስለዚህ ገና እንደተጋቡ ሥራውን ተካፈሉት፤ እሱ ውሃው ዳር ቆሞ ይጮሃል፣ እሷ መስኮቱ ላይ ሆና ትጽፋለች።

«ሰማንያ አራት።»

«ሰማንያ አራት፣ ጽፌዋለሁ።»

«ሰማሽኝ ወይ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ደንቆሮ መሰልኩህ?»

በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ሃያ አራት ዓመት፣ ይችኑ ነገር ይባባሉ ነበር። ሰው ፍቅር ምንድነው እያለ ይጨነቃል እንጂ ለነሱ ነገሩ ይኸው ነበር።

እሷ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆነ። ጋሽ ሴንቲ ግን አሁንም ይጮሃል። ልማድ ክፉ ነው። ቁጥሩን ያነብና ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ ይጮሃል፤ ጥቂት ይቆማል፤ ከዚያ ራሱ ወጥቶ ራሱ ይጽፋል። አንድ ጊዜ በላይ ባለው መንገድ የሚያልፍ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ሰው ውሃ ወሰደው ብሎ እየሮጠ ወርዶለት ነበር። ጋሽ ሴንቲ እንዳይሆን ሆነ። «ጉሮሮዬን እየጠረግኩ ነው» አለው። ሰውየው ግራ ገብቶት ሄደ።

ልጁ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። «አባዬ፣ ና እኛ ጋ ኑር» ትለዋለች። «ውሃውን ማን ያነባል?» ይላታል። «አሁን እኮ ራሱ የሚያነብ መሣሪያ አለ።» «መሣሪያ የሞገድ መሃል መያዝ አይችልም» ይላታል፤ እሷም ትስቃለች፤ ከዚያ ልጆቿ ይጮኹባትና ስልኩን ትዘጋለች። ይህ ሁሉ ሲባል አምስት ደቂቃ አይሞላም። ቀሪው ሳምንት ረጅም ነው፤ ጋሽ ሴንቲ ዳቦውን መስኮቱ ላይ ቆሞ ብቻውን ይበላል። ሚስቱ ሳትመጣ ማዕድ ሲጀምር «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያለች ትሰድበው ነበር። ትዝ ሲለው የቀረውን ዳቦ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል።

ሌላው የሚያናግረው ሰው በረኛው ነው። በረኛው ከወንዙ ታች፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ቦታ፣ የግድቡን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ነው። የጋሽ ሴንቲ ንባብ የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ከራሱ ጋር አድርጎ ለመሥሪያ ቤቱ ያስተላልፋል። ሃያ ሁለት ዓመት በቀን ሁለት ጊዜ ተነጋግረዋል፣ ተያይተው ግን አያውቁም። ጋሽ ሴንቲ «ስልሳ ስድስት» ይላል፣ በረኛው «ስልሳ ስድስት፣ ተቀብያለሁ» ይላል፣ ስልኩ ይዘጋል። ከበረኛው ድምፅ ጀርባ ሁልጊዜ የግድቡ ውሃ ይጮሃል። ሚስቱ የተቀበረች ዕለት ማታ ብቻ ነው አንድ ነገር የጨመረው። «ነፍስ ይማር ወንድሜ። ዛሬም ደወልክ?» አለው። «ውሃው መች ቆመ» አለ ጋሽ ሴንቲ።

አሁን ወፏ ጋ ልምጣ።

ትንሽ ናት፤ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ጀርባዋ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ስል የቤት ቀለም አይደለም፣ ፀሐይ ሲመታው የሚያበራ ነው። ሆዷ እንደ በሰለ ብርቱካን፣ እግሯ ቀይ፣ አፏ ከቁመቷ ጋር የማይመጣጠን ረጅም። የምታርፈው ደግሞ የትም አይደለም፣ የጋሽ ሴንቲ መለኪያ ሳንቃ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ሆና ውሃውን ቁልቁል ታያለች፣ ተወርውራ ትገባለች፣ ዓሣ ይዛ ትወጣለች፣ ሳንቃው ላይ ትቀጠቅጠዋለች። በዚያ ላይ ኩሷን በቁጥሩ ላይ ትለቃለች። ጋሽ ሴንቲ በጨርቅ ይጠርጋል፣ «ሌላ ቦታ አጣሽ?» እያለ ይቆጣታል። ሚስቱ ግን ሙሽሪት ብላ ነበር የምትጠራት። የሙሽሪት ባል እንደሷው ያማረ ነው፤ የሚለዩት የታችኛው አፏ ቀላ ስለሚል ብቻ ነው።

የዓሣውን ነገር ያስተማረችውም ሚስቱ ናት። «አየህ» አለችው አንድ ቀን መስኮቱ ላይ፣ «ዓሣ የሚዋጠው በጭንቅላቱ በኩል ነው፤ በጅራቱ በኩል ከሆነ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ስለዚህ ጭንቅላቱን ወደ ጉሮሮዋ አድርጋ ከያዘችው ለራሷ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ከዞረ ለሌላ ነው የያዘችው።» እንዳለችውም ሆነ። ወፎቹ ዓሣቸውን ወደ ውጭ አዙረው ይዘው፣ ከመንገዱ ሥር ባለው የአፈር ዳርቻ ውስጥ ወደቆፈሩት ጉድጓድ ይገቡ ጀመር። ጫጩቶች ተፈልፍለዋል ማለት ነው።

ደብተሩ ላይ አስተያየት የሚጻፍበት ዓምድ አለ። ሚስቱ አንድ ዓመት እዚያ ላይ፣ «ዛሬ ዓሣው ወደ ውጭ ዞረ» ብላ ጽፋለች። ከሃያ አራት ቀን በኋላ ደግሞ፣ «ወጡ፣ አምስት» ብላለች። በሌላ ዓመት ሃያ ስድስት ቀን ፈጅቶባቸው፣ «ወጡ፣ ስድስት» የሚል አለ። እሷ ከሞተች ወዲህ ወፎቹ ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ ወለዱ። ዘንድሮ ተመለሱ። ዓሣው የዞረ ዕለት ጋሽ ሴንቲ ከውሃው ዳር ወደ መስኮቱ ጮኸ። «ዓሣው ዞረ» አለ። ከዚያ ወጥቶ በዚያች የዶሮ ጭረቱ ጻፈው። ያን ቀን ማልቀሱን ለማንም አልተናገረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ።

ደብዳቤው የወንዙ ዳርቻ በሽቦ በታሰረ ድንጋይ ግንብ ይሠራል ይላል፤ ውሃው ለሦስት ተከታታይ ቀን ከስልሳ ሴንቲ ሜትር በታች ሲነበብ ቆፋሪው መኪና ይገባል ይላል፤ ለትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል። ምስጋናው በከንቱ አልነበረም። ዳርቻው እየተናደ ነው፣ ላዩ ላይ የተማሪዎች መንገድ አለ፣ ግንብ ይሠራ እያለ ስድስት ዓመት ሙሉ አስተያየት ዓምዱ ላይ ሲጽፍ የኖረው ራሱ ጋሽ ሴንቲ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውት ዘንድሮ ሰሙት። ወፎቹ ያሉት ደግሞ በትክክል ግንቡ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው።

ጋሽ ሴንቲ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አሰላ። ውሃው ዛሬ ስልሳ ስድስት ነው፤ በዚህ ወቅት በቀን አንድ አንድ ሴንቲ ይወርዳል። በሰባተኛው ቀን ሃምሳ ዘጠኝ ይሆናል፤ በአሥረኛው ጠዋት መኪናው እዚህ ነው። ያን ጊዜ ጫጩቶቹ ሃያ ሁለት ቀን ይሆናቸዋል። ለመብረር ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ቀን ይፈልጋሉ። ሁለት ቀን፣ ሲበዛ አራት ቀን ጎደለ። ሁለት ጊዜ ደግሞ አሰላው፣ ያው ነው።

ግንቡን ለምታሠራው የመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ልደውል ብሎ ስልኩን አንስቶ መልሶ ሰቀለው። ወጣት ናት፣ ትሁት ናት፤ ግን ምን ይበላት? ስድስት ዓመት የለመንኩትን ግንብ ለወፍ ብላችሁ አቆዩልኝ ይበል? የሚስቴ ወፍ ናት ይበል? አሳፈረው። ውሃው ይራራልኝ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ውሃው ግን መች ይራራል፤ በየቀኑ አንድ ሴንቲ እየለቀቀ ወረደ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሳንቃው ላይ ሃምሳ ዘጠኝ አነበበ። ወደ መስኮቱ ጮኸ፣ «ሃምሳ ዘጠኝ» ብሎ። ወጣ፣ ደብተሩ ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ፤ በሚስቱ ደብተር ላይ ሐሰት መጻፍ ከቶ አልሆነለትም። ከዚያ ደወለ።

«ከላይ ነኝ። ስልሳ አንድ።»

«ስልሳ አንድ፣ ተቀብያለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። በሃያ ሰባት ዓመት የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ይባላል። በማግስቱ ሃምሳ ስምንት ሆነ፤ እሱ ስልሳ አንድ አለ። ያን ዕለት ማታ በረኛው «ተቀብያለሁ» ካለ በኋላ ስልኩን አልዘጋም።

«ወንድሜ፣ የአንተ ውሃና የኔ ውሃ ተጣልተዋል መሰለኝ» አለ። «አንተ ጋ የቆመው እኔ ጋ ይጎድላል።»

«መንገድ ላይ አትክልተኞቹ እየሳቡት ይሆናል።»

«ይሆናል? አንተ ይሆናል ማለት ከመች ወዲህ ነው የጀመርከው?»

ምክንያቱ ውሃ የማያነሳ መሆኑን ጋሽ ሴንቲ ራሱም ያውቀዋል። በረኛውም «እሺ፣ ያልነገሩኝን አልጠይቅም» ብሎ ዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሴንቲ መቻል አቃተው። ስልሳ ብሎ ካስመዘገበ በኋላ፣ «ስማ፣ ስልሳ አይደለም፣ ሃምሳ ሰባት ነው» አለ፤ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈለት። ወፏን፣ ጉድጓዱን፣ የዓሣውን መዞር፣ የሚስቱን ጽሕፈት፣ አንዱንም አላስቀረም። በሕይወቱ በስልክ ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም።

«ሃያ ሁለት ዓመት ቁጥር ብቻ ስትነግረኝ» አለ በረኛው፣ «ጎረቤት እንዳለህ እንኳ አልነገርከኝም።»

«አልጠየቅከኝም።»

«ስንት ቀን ይበቃቸዋል?»

«አራት። ቢበዛ አምስት።»

«ተቀብያለሁ» አለ በረኛው። «ስልሳ ብዬ ጽፌዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ለጋሽ ሴንቲ ጣሙት። ውሸቱ አይደለም የጣመው፤ ወሬው ነው። በረኛው ጠዋት ቁጥሩን ከተቀበለ በኋላ «ልጆቹ እንዴት አደሩ?» ይለዋል። እሱም ሙሽሪት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች፣ የጉድጓዱ አፍ በኩስ እንዴት እንደነጣ፣ የዓሣ አጥንቱ ሽታ እስከ መንገድ እንደሚደርስ ይነግረዋል። በረኛው ይስቃል። እሱም በተራው ሚስት አግብቶ እንደማያውቅ፣ የግድቡ ጩኸት ከለመደ ወዲህ ጸጥታ ያለበት ቦታ መተኛት እንደማይችል ነገረው። ጋሽ ሴንቲ ስልኩን ከዘጋ በኋላ እንኳ ፈገግታው ፊቱ ላይ ይቆይ ነበር። ቀን ቀን ደግሞ ማታ ምን እንደሚነግረው ያስባል።

ጫጩቶቹ ሃያ አራት ቀን በሞላቸው ዕለት መውጣት ጀመሩ። ጋሽ ሴንቲ ከንጋት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ነበር። መጀመሪያ አንዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቅ አለ፤ አጭር፣ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፤ ወዲያ ወዲህ ካየ በኋላ እንደ ድንጋይ ወድቆ ውሃውን ሊነካ ሲል ክንፉን ዘረጋ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ ብሎ ነበር ጋሽ ሴንቲ። ሁለተኛው ተከተለ። እስከ ከሰዓት በኋላ አምስት ሆኑ፤ ውሃው ላይ ባዘነበለው ቅርንጫፍ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው ይጮሃሉ። አባትና እናት ይመላለሳሉ። ከዚያ በኋላ የወጣ የለም።

ደብተሮቹን አወረደ። አንድ ዓመት አምስት ነው፣ አንድ ዓመት ስድስት ነው። ዘንድሮ ስንት ነው? ጉድጓዱ ክንድ ሙሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አይታይም። ሙሽሪት ደግሞ ዓሣ ይዛ አንድ ጊዜ ወደ ጉድጓዱ ገብታ ወጥታለች፤ ልማድ ይሁን ሌላ አላወቀም። አንድ ቀን ብቻ ልጨምር፣ ነገ ማታ ሁሉንም አውቃለሁ፣ ከዚያ እውነቱን እናገራለሁ ብሎ ወሰነ። ውሃው ከትናንት አልወረደም፤ ሃምሳ አምስት ነበር። ስልሳ ሊል ስልኩን አነሳ።

ያነሳው ሰው በረኛው አልነበረም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ኢንጂነሯ። በረኛው ለጊዜው ከሥራ ታግዷል።»

«ምን አደረገ?»

«እርስዎ ጋ ስልሳ እየተነበበ እዚህ ውሃው እየጎደለ ነው። በሩን እየከፈተ ለአትክልተኞች ይሸጣል ተባለ። ብጠይቀው፣ ብለምነው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነው የሚባለው፣ ምን ላድርግ። በሉ ንባቡን ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።»

ጋሽ ሴንቲ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አምስቱ ቅርንጫፉ ላይ ናቸው። የጉድጓዱ አፍ ጥቁር ነው። አንድ ቀን ነው የፈለገው። እዚያ ማዶ ደግሞ ፊቱን አይቶት የማያውቅ ሰው ስሙን በሌብነት አስጠፍቶ፣ እሱን ላለማጋለጥ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል።

«ሃምሳ አምስት» አለ።

«ስንት አሉኝ?»

«ሃምሳ አምስት። ከስልሳ በታች ከሆነ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። በረኛው ምንም አላደረገም ልጄ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። በማግስቱ ንጋቱ ሲጠራ ቆፋሪው መኪና መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከኋላው ድንጋይ የጫኑ ሁለት ገልባጮች ተሰልፈዋል። ኢንጂነሯ ቦት ጫማዋን አድርጋ ወደ ቤቱ ገባች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ደብተሩን ጠየቀችና ቆማ ገለጠችው። ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት፤ ሁሉም በየቀኑ በእውነት ተጽፏል።

«እዚህ እውነቱን ጽፈው በስልክ ለምን ይዋሻሉ?»

«ደብተሩ የባለቤቴ ነው» አለ።

ኢንጂነሯ ቀና ብላ አየችው። እሱም ነገራት፤ ለበረኛው እንደነገረው አይደለም፣ በአጭሩ፣ እየተንተባተበ። በመጨረሻ፣ «እስከ ማታ ብትጠብቂልኝ። ስድስተኛ ሊኖር ይችላል» አላት።

«ጋሼ፣ ከላይ አገር ዝናብ ጀምሯል። ውሃው ከመጣ መኪናው አይገባም፣ መንገዱ ይናዳል። በእርስዎ ንባብ ሦስት ቀን አጥቻለሁ። አሁን የትኛውን ቃልዎን ልመን?»

አብረው ወደ ዳርቻው ወረዱ። ሹፌሩን ሞተሩን አጥፋ አለችው፣ አጠፋ። ጋሽ ሴንቲ አፈሩ ላይ ተለጥፎ ጆሮውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አደረገ። ምንም ድምፅ የለም። የዚያን ሁሉ ብረት ጩኸት የሰማ ጫጩት ቢኖርም ትንፋሹን ይውጣል፤ ይህን ያውቃል።

ኢንጂነሯ ደብተሩን ክንዷ ላይ እንደያዘች ጎንበስ አለች። ድምፅዋ ለስልሷል። «እሺ ጋሼ። ዛሬ የሚሉኝን አምናለሁ። ውስጥ አለ ካሉኝ መኪናውን እስከ ማታ አቆማለሁ፣ እኔ ልጠየቅ። ውስጥ አለ?»

አለ ማለት ነበረበት። አንዲት ቃል ናት። እኔና እናንተ ብንሆን ዓይናችንን ሳናሽ እንለው ነበር። ስድስት ቀን የዋሸላቸው ሰው ሰባተኛውን ውሸት አጣው። ደብተሩ በኢንጂነሯ ክንድ ላይ ተከፍቷል፣ ከነዚህ ስድስት ቀናት በፊት ያላየውን ቁጥር ተናግሮ የማያውቅ አፉ ገና ከትናንት ጀምሮ ንስሐ ገብቷል፣ በረኛውም በእሱ ውሸት ነው የተዋረደው።

«አላየሁም» አለ።

«ታዲያ ባዶ ነው?»

«ባዶ ይሆናል።»

ኢንጂነሯ ትከሻውን ነካ አድርጋው ለሹፌሩ እጇን አነሳች።

ሥራው ቀኑን ሙሉ ቆየ። ቆፋሪው ዳርቻውን ላጠው፣ ሠራተኞቹ የሽቦ ቅርጫቱን ዘረጉ፣ ድንጋዩ ተገለበጠ። ጋሽ ሴንቲ መስኮቱን ዘግቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አመሻሹ ላይ መኪናዎቹ ሄዱ። ጥሩ ግንብ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ስድስት ዓመት የጻፈለት ግንብ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወደ ውሃው ወረደ። አምስቱ ጫጩቶች በጩኸቱ ሸሽተው ከታች በኩል ወርደዋል፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል፤ አባታቸውም እዚያው ነው። ሙሽሪት ግን ሳንቃው ጫፍ ላይ ነበረች። አፏ ላይ ዓሣ አለ። ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ዞሯል።

ጋሽ ሴንቲ ባለበት ቆመ። ወፏ ከሳንቃው ተነስታ ወደ ግንቡ በረረች፤ ጉድጓዱ በነበረበት ልክ፣ በዚያው ቁመት፣ ድንጋዩ ፊት አየር ላይ ክንፏን እያራገበች ቆመች። ተመለሰች። አረፈች። እንደገና ሄደች፣ እንደገና ተመለሰች። ከታች ልጆቿ ይጮሃሉ፣ ወደነሱ አልሄደችም። አምስት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ሳንቃው ላይ ዝም ብላ ቆየች። በመጨረሻ ዓሣውን ሁለት ጊዜ ሳንቃው ላይ መታችው፣ በአፏ አዙራ ጭንቅላቱን ወደ ጉሮሮዋ አደረገች፣ ዋጠችው። ከዚያ በረረች።

ጋሽ ሴንቲ ውሃውን አነበበ። ሃምሳ አምስት ነው። እንደልማዱ ወደ መስኮቱ ቀና አለ፣ አፉን ከፈተ፣ ድምፁ ግን አልወጣም። ቁጥሩን ለራሱ በቀስታ ተናግሮ ወጣ። ደብተሩ ላይ ሃምሳ አምስት ብሎ ጻፈ። አስተያየት ዓምዱ ላይ እጁ ብዙ ቆየ። ከዚያ፣ «ወጡ፣ አምስት። ቀረ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ፤ ሊነበብ በሚችል ጽሕፈት ለመጻፍ ተጠንቅቆ። ስልኩን አነሳ።

«ከላይ ነኝ። ሃምሳ አምስት።»

«ሃምሳ አምስት፣ ተቀብያለሁ።»

የሚያውቀው ድምፅ ነው፣ ከጀርባው ግድቡ ይጮሃል።

«መለሱህ?» አለ ጋሽ ሴንቲ።

«ጠዋት መለሱኝ። ኢንጂነሯ ልጅ ራሷ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ።»

«በኔ ምክንያት ተዋረድክ።»

«እሱን ተወው። ይልቅ ልጆቹስ? ሁሉም ወጡ?»

አዎ ቢል ማንም አይጎዳም። በረኛው ለእነሱ ብሎ ሌባ ተብሏል፤ ደስ ብሎት ያድር ነበር። ጋሽ ሴንቲ የስልኩን እጀታ በሁለት እጁ ያዘ።

«አምስት ወጡ» አለ። «አንድ ቀረ። ባዶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ውሃው ብቻ ይሰማል።

«ተቀብያለሁ» አለ በረኛው በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህች ቃል በኋላ ስልኩ ይዘጋ ነበር። ጋሽ ሴንቲ ጠበቀ። አልተዘጋም። በእግሩ መስኮቱ ሥር ያለውን የሚስቱን ወንበር ስቦ ተቀመጠበት፤ እሱም አልዘጋም።